ሦስተኛው «እንኪ»

ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት የሚያቅተው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ እንዲያ ነበርኩ። የምወርድበት ፌርማታ ሲደርስ አፌን እከፍታለሁ፤ ድምፄ ግን አይወጣም። ሌላ ሰው «ወራጅ!» እስኪል እጠብቅና ከእሱ ጋር እወርዳለሁ። ማንም ካልወረደ ታክሲው ይዞኝ ይሄዳል፤ ከዚያ በእግሬ እመለሳለሁ። እናቴ «ይቺ ልጅ አንድ ቀን ቡራዩ ትደርሳለች» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ይህንን ከሁሉ አስቀድሜ የነገርኳችሁ እንድትስቁብኝ ብዬ አይደለም። ቀጥሎ የምጽፈው ያለዚህ ስለማይገባችሁ ነው።

ስሜ አመለወርቅ ነው፤ ሰው ሁሉ አመለ ይለኛል። ተወልጄ ያደግኩት ኮልፌ ነው። እናቴ አጠና ተራ አካባቢ ቆጮ ትሸጣለች። ስምንተኛ ክፍል አልፌ ዘጠነኛ ልመዘገብ ስል አባቴ አልጋ ያዘ። እናቴ ገበያ መዋል ነበረባት፤ እሱን የሚያነሳና የሚያስተኛ ሰው ደግሞ ያስፈልግ ነበር። «ለአንድ ዓመት ብቻ ነው» ተባለና ቤት ቀረሁ። አባቴ ሲያርፍ ታናናሾቼ ደርሰው ስለነበር ተራው የእነሱ ሆነ። እኔ ሥራ ፈለግኩ፤ ያገኘሁትም በዚያው በተማርኩበት ትምህርት ቤት የጽዳት ሥራ ነው። የተቀመጥኩበትን ዴስክ መወልወል ጀመርኩ።

ትምህርት ቤታችን የመንግሥት ነው። ልጆቹ በአንድ መጽሐፍ ላይ ተደራርበው ነበር የሚያነቡት፤ ዳር የተቀመጠው ልጅ የሚያየው የገጹን ጠርዝ ብቻ ነው። ከዕለታት አንድ ቀን ከአውሮፓ የመጣ አንድ ድርጅት ከክፍለ ከተማችን ሦስት ትምህርት ቤቶች ጋር ስምምነት አደረገ ተባለ። የእኛ፣ አንድ አስኮ፣ አንድ ሳንሱሲ። ታብሌቶች መጡ። ከእነሱ ጋር ዳቦ የምታህል ነጭ ሳጥን መጣች፤ ኢንተርኔት ባይኖርም ትምህርቱን ለታብሌቶቹ የምታድለው እሷ ናት።

ኃላፊነቱን የወሰደው የሳይንስ አስተማሪው መምህር ግርማ ነበር። ቀልደኛ ሰው ነው።

«አመለ፣ ቻርጅ ማድረጉን አንቺ ያዢልኝ» አለኝ። «ልጆቹ ገመዱን እንደ ጎመን ነው የሚነቅሉት።»

ልጆቹ ከወጡ በኋላ ክፍሉን ጠርጌ ታብሌቶቹን እሰካለሁ። መጀመሪያ ላይ ዝም ብዬ አያቸው ነበር። አንድ ቀን ግን አንዱን ነካሁት፤ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ወጣ። ሞከርኩ፤ ተሳሳትኩ። ቀይ ምልክት መጣ። ማንም አልሳቀም። እንደገና ሞከርኩ።

ይህ ለእናንተ ምን እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ተማሪ እያለሁ መልሱን እያወቅኩ እጄን ሳላወጣ ያደግኩ ነኝ። እጅ ማውጣት የማያስፈልግበት ትምህርት ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባልዲዬን በር ላይ አስቀምጬ፣ ገዋኔን ሳላወልቅ እማር ጀመር።

አንድ ጠዋት መምህር ግርማ አንዱን ታብሌት ይዞ መጣ።

«እዚህ ላይ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ አልቋል። የእኔ ተማሪዎች ገና ግማሽ አልደረሱም። ማታ ማታ እየመጣ የሚማር ጋኔን አለ እንዴ?»

ወለሉን አየሁ።

«ጋኔኑ ደግሞ ሰማያዊ ገዋን ለብሷል እኮ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ አጠገቤ ተቀመጠ። «ስሚኝ። ሐሙስ እንግዶቹ ይመጣሉ። አንድ ለብቻው የተዘጋጀ ታብሌት አላቸው፤ ከዘጠነኛ እስከ አሥራ ሁለተኛ ያለው ትምህርት የተጫነበት። ትምህርት ላቋረጠች አንዲት ወጣት ነው የሚሰጡት። በስልክ የሚያስጠና አስተማሪ ይመደብላታል፤ በማታ ተማሪነት ተመዝግባ ትፈተናለች። ለሦስቱም ትምህርት ቤት ያለው አንድ ብቻ ነው። እኔ ያንቺን ስም ነግሬያቸዋለሁ። ካንቺ የሚጠበቀው አንድ ቃል ነው፤ ‹እሺ› ማለት።»

ማታ ለእናቴ ነገርኳት። እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች፤ ከዚያ ጭኗ መሃል አስቀምጣ ፀጉሬን ሹሩባ ሠራችኝ። እየሠራችኝ ያለችኝን ነገር እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

«አደራ፣ ሲሰጡሽ እንዳትንሰፈሰፊ።»

እናቴ ይህንን ገና በልጅነቴ ነው ያስተማረችኝ። ጎረቤት «ብይ» ሲለኝ ወዲያው እጄን ከዘረጋሁ ቤት ስንመለስ ጆሮዬን ትቆነጥጠኝ ነበር። ሕጓ አጭር ነው። መጀመሪያ ሲሉሽ «በልቻለሁ» በይ። ሁለተኛ ሲሉሽ «ጠግቤያለሁ» በይ። ሦስተኛ ከሆነ ግን ከልብ ነው፤ ሰው አይናቅም፤ ተቀበይ። «አንዳንዱ የሚጋብዝሽ ሳይኖረው ነው» ትለኝ ነበር። «ለሰውየው መውጫ ተዪለት።»

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። አንዷ ማርታ የምትባል ረጅም ፈረንጅ ናት፤ ሌላው ዮናስ፣ የእኛው አገር ልጅ፣ አስተባባሪና አስተርጓሚ። ማርታ ግን አስተርጓሚ ብዙም አልፈለገችም። አማርኛ ተምራለች። ችግሩ የተማረችው በአክብሮት መሆኑ ነው፤ የአንደኛ ክፍሉን ልጅ ሁሉ «እርስዎ» ትለዋለች። «እርስዎ ስንት ዓመትዎ ነው?» ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁም ደረቱን ነፍቶ «ሰባት ነኝ» አላት።

ልጆቹ በታብሌቱ ሲማሩ አየች፤ ነጯን ሳጥን አየች፤ መብራት ሲጠፋ ምን እንደምናደርግ ጠየቀች። ከዚያ ርእሰ መምህሩ መምህር ግርማንና ዮናስን ይዞ ቢሮ ገባ። እኔ ብቻዬን ገመድ እየጠቀለልኩ ሳለሁ ማርታ ተመልሳ መጣች።

«እርስዎ አመለ ነዎት?»

በሕይወቴ «እርስዎ» ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ከኋላዬ ሰው ያለ መስሎኝ ዞር አልኩ።

«ነኝ» አልኩ።

«መምህር ግርማ ስለ እርስዎ ነገሩኝ። በጣም ጎበዝ ናቸው አሉኝ።» የልጆቹ ዴስክ ላይ እንደምንም ጉልበቷን አጥፋ ተቀመጠች። ከቦርሳዋ አረንጓዴ ሽፋን ያለው ታብሌት አወጣችና መሃላችን አስቀመጠችው። «ይህ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ነው። መማር ይፈልጋሉ?»

ያ «አንድ ዓመት» ተብሎ የቀረው ነገር እዚያ አረንጓዴ ሽፋን ውስጥ ነበር።

«አይ…» አልኩ። «ይቅርብኝ። ለሌላ ሰው ይሁን።»

እንዲህ ብዬ ዓይኔን ወለሉ ላይ ተክዬ ሁለተኛውን ጠበቅኩ። ምን እንደምመልስ አዘጋጅቼ ነበር። ሁለተኛ ስትጠይቀኝ «እኔ እኮ ረስቼዋለሁ፣ አልችለውም» ልላት ነው። ሦስተኛ ስትጠይቀኝ «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ በሁለት እጄ እቀበላለሁ።

ማርታ ግን በለሰለሰ ድምፅ «እሺ። ገባኝ» አለች። ታብሌቱን አነሳች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችልኝ። ፊቷ ላይ ቅሬታ አልነበረም፤ እንዲያውም ያከበረችኝ ነው የመሰላት። ወጣች።

እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ዮናስን ልትጠራ የሄደች መሰለኝ። በሰው ፊት ልትጠይቀኝ ነው፣ እንዲያ ይሻላል ብዬ ገዋኔን አስተካከልኩ። ቀጥሎ የሰማሁት የመኪና ሞተር ነው።

መምህር ግርማ እጁን እያፋተገ ገባ።

«እህስ? እንኳን ደስ አለሽ ልበል?»

ገመዱን መጠቅለል ቀጠልኩ።

«ምን አልሻት?»

«አይ አልኳት።»

«ለምን?»

«የመጀመሪያ ስለሆነ…»

ግንባሩን በመዳፉ መታ። «ተግደረደርሽ? ፈረንጅ ላይ?»

«አማርኛ ትችላለች እኮ» አልኩ፤ እንባዬ መጣ።

«አማርኛውንማ ትችላለች! መግደርደሩን ማን አስተማራት?» ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ዮናስ ጋ ደወለ። ተዘግቷል። ደግሞ ደወለ። «ሳንሱሲ ነው የሄዱት። ሌላ እጩ እዚያ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ሩጪ! ገዋንሽን አውልቂና… ተዪው፣ አታውልቂ፣ ሂጂ!»

ሮጥኩ። ከኮልፌ አስኮ የሚሄድ ታክሲ ቶሎ አገኘሁ፤ መንገዱ ግን ተዘግቶ ነበር። ከፊታችን ቆርቆሮ የጫነ መኪና ተበላሽቶ ሹፌሮቹ ይሰዳደባሉ። መስኮቱ ላይ ግንባሬን አስደግፌ የምናገረውን እለማመድ ነበር። «ማርታ፣ እፈልጋለሁ።» ሁለት ቃል ነው። «ማርታ፣ እፈልጋለሁ።» አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት ቀና ብለው አዩኝና «ጸልዪ ልጄ፣ ይሰማሻል» አሉኝ።

አስኮ ላይ ወርጄ የሳንሱሲውን ያዝኩ። ረዳቱ ሰማያዊ ገዋኔን አየና «ዶክተር፣ ግቢ ግቢ! ለሕመምተኛ ቦታ ልቀቁ!» አለ። ሰው ሳቀ። እኔ ጥግ ገብቼ ተሸጎጥኩ። አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ሆንኩ ማለት ነው።

ብዙም ሳንሄድ ትምህርት ቤቱን በመስኮት አየሁት። የግንብ አጥሩ ላይ ፊደል ተስሏል። በሩ ላይ የእንግዶቹ ነጭ መኪና ቆማለች። አልሄዱም! አፌን ከፈትኩ።

ወራጅ አለ።

አልወጣም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ነጠላ የሚያስተካክል፣ ዕቃ የሚሰበስብ፣ ሊወርድ የተዘጋጀ ሰው ፈለግኩ። ማንም የለም። ነጯ መኪና ከኋላችን ቀረች። ጉሮሮዬን ጠራረግኩ። ቀጣዩም ፌርማታ አለፈ። ከዚያ በኋላ ያለው መጨረሻው ነበር።

«ዶክተር፣ እዚህ ነው ማብቂያው» አለ ረዳቱ። «ቡራዩ ነሽ እንዴ?»

እናቴ ትዝ አለችኝ። ወርጄ በመጣሁበት መንገድ ሮጥኩ፤ ገዋኔ እግሬ ላይ እየተጠመጠመ፣ ሹሩባዬ እየተፈታ።

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ማንን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። «ማንንም» ልል ነበር፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። «እንግዶቹን» አልኩ።

ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ቆመው ነበር። ማርታ፣ ዮናስ፣ ሁለት አስተማሪዎች። መሃላቸው አንዲት ልጅ ቆማለች፤ በእኔ ዕድሜ ነች፤ ጀርባዋ ላይ ሕፃን አዝላለች። እጇ በቅቅል ድንች ልጣጭ የጠቆረ ነው፤ በሩ ላይ ድንች የምትሸጥ ናት። አረንጓዴው ታብሌት ደረቷ ላይ ተጣብቋል።

ማርታ ስታየኝ ደስ አላት። «አመለ! እንዴት መጡ?»

የተለማመድኩት ሁለት ቃል ጠፋኝ። ወደ ዮናስ ሄድኩና በሹክሹክታ ነገርኩት። ዮናስ ሰምቶ ሲጨርስ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ወይኔ እህቴ! ተግደርድረሽ ነው?»

ወደ ማርታ ዞሮ በእንግሊዝኛ ማስረዳት ጀመረ። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ሦስት ጣቱን ሲያወጣ አየሁት፤ የእናቴ ሕግ በባዕድ ቋንቋ ሲነገር። የማርታ ፊት ቀላ፣ ቀጥሎ ነጣ።

«ይቅርታ» አለችኝ። «እኔ አላወቅኩም። እኛ ጋ ሰው ‹አይ› ካለ… እንደገና መጠየቅ ነውር ነው።»

ነውር እንዳይሆን ነበር ሁለታችንም የተጠነቀቅነው።

ዮናስ ራሱን አከከ። «እንግዲህ ወረቀቱ ገና አልተሞላም…» ብሎ ድንች ሻጯን አየ። ያቺ ልጅ ሁሉንም ሰምታለች። ስሟ ጽጌ እንደሆነ ያኔ ነው የሰማሁት። ማርታ ጠይቃት ሳትጨርስ «እሺ!» ብላ ዘላ እንደተቀበለች በኋላ ነው የነገሩኝ።

ጽጌ ወደ እኔ መጣች። ታብሌቱን ዘረጋችልኝ።

«እንኪ። ቀድሞም ያንቺ ነበር አሉ።»

ሁሉም እኛን ያያሉ። ጀርባዋ ላይ ያለው ሕፃን እንኳ በትከሻዋ በኩል ብቅ ብሎ ያየኛል።

«አይ» አልኩ። «ላንቺ ተሰጥቷል።»

«እንኪ እንጂ» አለች። ድምፇ ሁለተኛው ላይ ቀጠነ። እጇ ተዘርግቷል፤ ጣቶቿ ግን ሽፋኑን አልለቀቁትም። ጥፍሯ ነጭ ሆኖ ነበር።

«አይ፣ ያንቺ ነው» አልኩ።

ከዚያ ሦስተኛውን ጠበቅኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጠበቅኩ። ሦስተኛ ብትለኝ እቀበላት ነበር፤ እናቴ እንደዚያ ነዋ ያሳደገችኝ። ጽጌም ሕጉን ታውቀዋለች፤ ዓይኗ ውስጥ አየሁት። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

አልመጣም። እጇን ቀስ ብላ ሰበሰበችና ታብሌቱን መልሳ ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

«እግዜር ይስጥሽ» አለችኝ።

ስመለስ ከአስኮ እስከ ኮልፌ በእግሬ መጣሁ። እናቴ ቆጮዋን ጠቅልላ ገብታ በር ላይ ተቀምጣ ትጠብቀኝ ነበር። የተፈጠረውን ሁሉ ነገርኳት። አልተቆጣችም፣ አላጽናናችኝምም። ለረጅም ጊዜ ጣቶቿን ስታሽ ቆየችና «ሁለቴ ብቻ ሲሉሽ ተቀበይ ብዬሽ ቢሆን ምን ነበረበት» አለች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እስከ ዛሬ ያንን ነገር ደግማ አታነሳም፤ እኔን «አትንሰፈሰፊ» ማለትም ትታለች። ያንን ምክሯን ስትሰጠኝ ብትሰነብት እመርጥ ነበር።

ዮናስ «ቀጣዩ ዙር ሲመጣ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ» ብሎኝ ነበር። የድርጅቱ ውል ሲያልቅ አልታደሰም፤ ቀጣይ ዙር የሚባል ነገር አልመጣም። ታብሌቶቹ ግን አሁንም አሉ። የአንዳንዶቹ መስታወት ተሰንጥቋል፤ ልጆቹ ስንጥቁን አልፈው ያነባሉ። እኔም አሁንም ቻርጅ አደርጋለሁ። እስከ ስምንተኛ ያለውን ሁሉንም ጨርሼ ደግሜ ጨርሼዋለሁ። ዘጠነኛ የለበትም።

ታዲያ ምን ተለወጠ ትሉኝ ይሆናል። አሁን ሰው ሲጠይቀኝ መጀመሪያውኑ እመልሳለሁ። ይህም ቢሆን ቀላል አይደለም። ባለፈው የሥራ ባልደረባዬ እትዬ ዘነበች ምሳ ዕቃዋን ከፍታ «ነይ ብይ» ስትለኝ «እሺ» ብዬ ወዲያው ተቀመጥኩ። እጇ አየር ላይ ቀረ። ምሳ ዕቃውን ሳየው ሦስት ጉርሻ የማይሞላ ምግብ ነው። እናቴ «መውጫ ተዪለት» ስትል ምን ማለቷ እንደነበር ያኔ በደንብ ገባኝ። መግደርደር ሞኝነት አይደለም፤ ደሃ ለደሃ የሚያደርገው ርኅራኄ ነው። የተሳሳትኩት ሕጉን በማያውቀው ሰው ላይ ማዋሌ ነው። ስለዚህ ከሩቅ አገር ስጦታ ይዛችሁ ለምትመጡና አብራችኋቸው ለምትሠሩ የአገሬ ልጆች አንድ ነገር እለምናለሁ። አንገቷን ደፍታ «አይ» ያለቻችሁን ልጅ፣ ነውር ቢሆንባችሁም፣ ደግማችሁ ጠይቋት። አንገታችሁን የምትደፉ እህቶቼ ደግሞ፣ ሁለተኛው ላይመጣ ይችላል።

በቅርቡ ጽጌን አገኘኋት። አስኮ አክስቴ ቤት አድሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስመለስ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። ሕፃኑ አልነበረም፤ አድጎ ሰፈር ይውላል አለችኝ። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አቅፋ ይዛለች፤ የአረንጓዴው ሽፋን ጠርዝ ይታያል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እየሄደች ነበር። ስለ ልጇ፣ ስለ እናቴ አወራን።

«ያን ቀን» አለች ወደ መስኮቱ እያየች፣ «ሦስተኛውን ልልሽ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሺ እንዳትይኝ ፈርቼ ዋጥኩት።»

«እሺ እልሽ ነበር» አልኳት።

እጄን ያዘችኝ። የምወርድበት ፌርማታ ደረሰ።

«ወራጅ አለ!» አልኩ። ድምፄ ወጣ፤ ሹፌሩ ሳይቀር ዞሮ አየኝ። ወረድኩ። ታክሲው እሷን ይዞ ወደ ፈተናዋ ሄደ፤ እኔም ወደ ባልዲዬ።